የዛውሬሽ አፓይ ወንበር

በመንደራችን በአክታስ ትምህርት ቤት አዲስ አስተማሪዎች መስከረም ላይ ይመጡና በረዶው ሳይቀልጥ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዱ ነበር። ትምህርት በሚከፈትበት በመጀመሪያው ደወል ቀን ከልጆቹ አበባ ይቀበላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ብርዱ ሲጠና የአንዱ እናት ትታመማለች፣ ሌላዋ አልማቲ ከተማ ሥራ ታገኛለች። የመንደሩ ሰው ጥፋቱን በብርዱና በመንገዱ ያመካኛል፤ ርዕሰ መምህራችንም እንደዚያው።

ዛውሬሽ አፓይን ግን ይህ ምክንያት አልዋጥ አላት። ሒሳብ አስተማሪ ናት፤ አፓይ በእኛ ዘንድ ሴት አስተማሪ የምትጠራበት የአክብሮት ቃል ነው። እኔ ታሪክ አስተምራለሁ፤ በልጅነታችን እዚሁ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። አንድ ቀን የአስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሻይ ስንጠጣ፣

«ብርዱ እኛንም ያገኘናል፤ እኛ ለምን አልሄድንም?» አለችኝ።

«የት እንሄዳለን? ማን ይፈልገናል?»

«አንተንስ እውነት ነው ማንም አይፈልግህም። እኔን ግን ስንቴ ለምነውኛል። ስለዚህ ምክንያቱ ሌላ ነው።»

ምክንያቱን ለማግኘት የሄደችበትን መንገድ በጣም ስለምወደው ረጋ ብዬ ልናገረው። ከቤቷ አንዲት የእንጨት ወንበር አመጣች፤ የልጆቹ ወንበር ለጉልበቷ አይመቻትም። በየሳምንቱ ወንበሯን አንጠልጥላ አዲሶቹ አስተማሪዎች ክፍል ትገባና ከኋላ ጥግ ትቀመጣለች። አትጽፍም፣ አትገስጽም፣ ራሷን እንኳ አትነቀንቅም። ትምህርቱ ሲያልቅ ከአስተማሪው ጋር እስከ ግቢው በር እየሄደች ያየችውን አንድ ነገር ትነግረዋለች። «ጥያቄ ጠይቀህ መልሱን ራስህ ተናገርከው» ትላለች፤ በቃ። ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው የለም።

ለምን አንድ ብቻ እንደሆነ ጠይቄያታለሁ። አዲስ አስተማሪ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ጉድለቱን ነው፤ ብዙ ብትነግረው ሁሉንም ተሸክሞ ይተኛል፣ ጠዋት ግን አንዱንም አያነሳም። አንድ ነገር ከሆነ ያብላላዋል። ያየኸውን ብቻ ስትነግረው ደግሞ ክርክር የለም፤ ወይ አድርጎታል ወይ አላደረገውም።

በዚያ ዓመት ሦስት አዳዲስ አስተማሪዎች መጡ። ሁለቱ በዚህ ዘዴ እግራቸውን ተከሉ። ሦስተኛዋ ማርዣን ነበረች፤ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ መስከረም ሳይገባ የአንዲት የአክታስ እናት፣ የሻርባኑን፣ ታናሽ ልጅ አግብታ ወደ መንደራችን የገባች የተፈጥሮ ሳይንስ አስተማሪ። የበግ አጥንትና የወንዝ ድንጋይ ይዛ ስትገባ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሟታል። ከአምስተኛ ክፍል ሦስት ወንዶች ግን አስቸገሯት፤ ዳውሌት፣ ቶክታርና ማራት። መጀመሪያ አኮረፉ፣ ቀጥሎ አጉረመረሙ፣ በመጨረሻ ዴስክ መደብደብ ጀመሩ።

ዛውሬሽ ከኋላ ሆና አንድ ነገር አየች። ማርዣን ሌሎቹን ልጆች በስማቸው ስትጠራ እነዚህን ሦስቱን «አንተ በመስኮቱ በኩል» ነው የምትላቸው።

«ሦስት ልጆችን በስማቸው አልጠራሽም» አለቻት በሩ ጋ።

ማርዣን ቀላች። «አውቃለሁ፣ አፓይ» አለች።

ዛውሬሽ ስማቸው አልያዝላት ብሎ ነው ብላ አሰበች። እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ስለዚህ ልጆቹ ሁሉ ስማቸውን ካርቶን ላይ ጽፈው ፊታቸው እንዲያቆሙ ተደረገ። ነገሩ ባሰ። ማርዣን ካርቶኑ ፊቷ ቆሞ እያየችው አሁንም «አንተ» ትላለች። በሳምንቱ ማራት ካርቶኑን ገለበጠና ጀርባው ላይ በትልቁ «አንተ» ብሎ ጽፎ ወደ እሷ አዞረው። ሁለቱ ጓደኞቹም ተከተሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ማርዣን በዚያው ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብታ በክረምቱ ብርድ መሐል እስከሚውለው የአዲስ ዓመት ዕረፍት ብቻ እንደምትቆይ ተናገረች።

ዛውሬሽ በማግስቱ ልታባብላት እነሻርባኑ ቤት ሄደች። ወተት የገባበት ሻይና ቦርሳቅ የሚባለው በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ ቀረበ። ሻርባኑ ወደ ምራታቸው ዞረው «ውጪ ያለውን ልጅ ጥሪው፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ» አሉ። ማርዣን በሩን ገርበብ አድርጋ፣

«ሹፌሩ አጋ! ሻይ ደርሷል» ብላ ተጣራች፤ አጋ ለታላቅ ወንድም የሚባል ነው።

የባሏ ታላቅ ወንድም እጁን እያበሰ ገባ። ዛውሬሽ ስኒዋን አስቀመጠች። የሰውየው ስም ማራት ነው። የአባቱ ስም ቶክታር ነው። ከምድጃው አጠገብ የሚያንቀላፉት አያቱ ደግሞ ዳውሌት ናቸው።

በእኛ ዘንድ ምራት የባሏን ታላላቆች በስማቸው አትጠራም፤ ራሷ ሌላ ስም ታወጣላቸዋለች። ያው ስም የጎረቤት ልጅ ቢኖረው እንኳ ከአፏ አይወጣም። ይህን የማያውቅ ሰው አክታስ ውስጥ የለም። ዛውሬሽና እኔ ግን የመንደሩ ተወላጆች ነን። እነዚህን ስሞች ከልጅነታችን ጀምሮ በየሜዳው እየጮኽን ስንጠራቸው ኖረናል፤ ለአንዲት ምራት ግንብ ሊሆኑ እንደሚችሉ እንዴት ይታየን?

ማርዣን ልትሸኛት ስትወጣ ዛውሬሽ በሹክሹክታ «ለምን አልነገርሽኝም፣ አይናላይን?» አለቻት። ታላቅ ታናሹን ሲያቆላምጥ የሚልበት ቃል ነው።

«እንዴት ልንገርዎት? ለመንገር ስማቸውን መጥራት አለብኝ።»

ዛውሬሽ በረዶው ላይ ቆማ እስኪያማት ሳቀች። ማርዣንም መጀመሪያ ፈራች፣ ከዚያ አብራት ሳቀች።

እኔ ብሆን ወደ ቤት ተመልሼ ከሻርባኑ ጋር እከራከር ነበር፤ ተከራክሬም እሸነፍ ነበር። ዛውሬሽ ግን በሩ ላይ ሆና «ታተ ሻርባኑ፣ ነገ ክፍል መጥተው ምራትዎ ስታስተምር ይዩልኝ» ብቻ አለች፤ ታተ ለታላቅ ሴት የሚባል ነው።

ሻርባኑ ነጭ ሻሻቸውን ራሳቸው ላይ ጠቅልለው መጡና የዛውሬሽ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማርዣን የወንዝ ድንጋይ አንስታ «ይሄ ለምን ክብ ሆነ?» ብላ ጠየቀች። ትንሹ ዳውሌት ያን ዕለት ኩርፊያውን ረስቶ እጁን አወጣ። ዓይኗ አለፈው። ክንዱ ሲዝል በሌላ እጁ ደገፈው። ዓይኗ እንደገና አለፈው። በመጨረሻ እጁን አውርዶ ዴስኩ ላይ ተኛ።

«ምን አዩ?» አለች ዛውሬሽ ኮሪደሩ ላይ።

«ያ ትንሹ ልጅ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ እጁን አወጣ። የማነው?»

«የነርሷ ልጅ ነው። ስሙ ማነው?»

ሻርባኑ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና በእጃቸው ከደኑት። እሳቸውም እኮ የዚያ ቤት ምራት ናቸው። ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ የአማታቸውን ስም አፋቸው ላይ አላዋሉትም።

«ይሄ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ወደ ሽማግሌው እንሂድ» አሉ።

ሽማግሌው አያት፣ አታ ዳውሌት፣ ነገሩን ተጋድመው ሰሙ። ሻርባኑ የልጁ ክንድ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ሲነግሯቸው ተነስተው ተቀመጡ።

«ስሜን የሚጠሩት ሐኪሙና የጡረታ ቢሮው ብቻ ናቸው» አሉ። «ሁለቱም ሲጠሩኝ ደስ አይለኝም። ስሜን የያዘ ልጅ አለ፣ በእኔ ቤት ምክንያት ስም አልባ ሆነ ነው የምትሉኝ? ልጅቷን ጥሯት።»

ማርዣን ገብታ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«እኔን ማን ብለሽ ነው የምትጠሪኝ?»

«ካን አታ» አለች፤ ንጉሥ አያት እንደማለት ነው።

«እሱን እንዳትተዪብኝ። እዚህ ቤት ካን ነኝ። ትምህርት ቤት ግን የእኔንም የልጄንም የልጅ ልጄንም ስም እንደልብሽ ጥሪ።» መዳፋቸውን ዘርግተው መረቋት። ሻርባኑ ከሁሉም ቀድመው አሜን አሉ።

ሰኞ ማርዣን ክፍል ገባች። ዛውሬሽ ከኋላ ነበረች፤ የነገረችኝ እሷ ናት። ማርዣን ጠመኔውን ጨብጣ ትንፋሿን ሳበች።

«ዳውሌት፣ ድንጋዩ ለምን ክብ ሆነ?»

ልጁ ብድግ አለ።

«ረሳሁት፣ አፓይ» አለ።

«ቶክታር እርዳው።»

ቶክታር ውሃው እያንከባለለ ይሞርደዋል አለ። ማራት ሳይጠራ ካርቶኑን ገልብጦ ስሙን ወደ እሷ አዞረ፤ እጁንም አወጣ።

ከዚያ ወዲያ ስለ አዲስ ዓመት ዕረፍት ያነሳ ሰው የለም። ግንቦት ላይ የወረዳ ሰዎች ሊጎበኙ ሲመጡ አታ ዳውሌትም በፈረስ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ማርዣን «ዳውሌት፣ ተነስና አስረዳ» ስትል ሁለቱም ተነሱ። ሽማግሌው «የማውቀውን እሱ ይንገራችሁ» ብለው ሲቀመጡ ከወረዳ የመጡት ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። በመጨረሻው ደወል ቀን ሦስቱም አዲስ አስተማሪዎች ሰልፉ ፊት ቆመው ነበር። እንዲህ ያለ ቀን አክታስ ካየ ስንት ዘመኑ ነው። ርዕሰ መምህሩ ስለ ብርዱ ምንም አላሉም።

አሁን የእኛ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ማርዣን ናት። ዛውሬሽ ሌላ አሠርታ ከወንዙ ማዶ ላለው ትምህርት ቤት ትመላለሳለች። እዚያ አንዲት አዲስ አስተማሪ ልትለቅ ነው፤ አማቿ ፈረስ አርቢ ናቸው፣ ምራታቸው የምታስተምርበትን ክፍል ኑና እዩ ሲባሉ እንቢ ብለዋል። ዛሬ ጠዋት ዛውሬሽን መኪናዋ ጣሪያ ላይ ወንበሩን በገመድ ስታስር አገኘኋት።

«ደግሞ እንቢ ቢሉሽስ?»

«ወንበሩን እሳሎናቸው መሐል ትቼው እመጣለሁ» አለች ገመዱን እያጠበቀች። «መላልሶ ሲያደናቅፋቸው ወደ ትምህርት ቤት ተሸክመው ያመጡታል። ከመጡ ደግሞ ይቀመጡበታል።»