«ለምርመራ ውጡ»

አተት ወረዳችንን ዝቋላን ያዳረሰ ጊዜ እኔ ከሰቆጣ ቤተሰብ ልጠይቅ መጥቼ ነበር። ጠዋት ማሽላ ሲያርም የነበረው ጎረምሳው ወንድሜ ከሰዓት ዓይኑ ጎድጉዶ መቀመጥ አቃተው። ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል። ጤና ኬላው ተዘግቷል። ሆስፒታል እንዳንወስደው መኪና የለም፤ በቃሬዛ ብንሸከመው መንገድ ላይ ይሞትብናል።

ጨውና ስኳር በጥብጬ እያለቀስኩ ሳጠጣው የመከላከያ ሐኪሞች መጡ። ድንኳናቸውን ወንዙ ማዶ ተከሉና አንዱ ወታደር በድምፅ ማጉያ «የታመመ ሁሉ ለምርመራ ይውጣ!» አለ።

ምን ነበረበት «ለሕክምና» ቢል! እኛ ቤት የሚወራው ኽምጥኛ ነው። አባቴ አማርኛ የለመዱት ገበያና ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ እሳቸው የሚያውቁት ምርመራ ሰው ታስሮ የሚገረፍበትን ነው። ያውም ከመለዮ ለባሽ አፍ! መንደሩ በሙሉ በሩን ዘጋ። አባቴም ወንድሜን ተሸክመው ከጓሯችን ገደል ሥር ያለች ዋሻ ውስጥ አስገቡትና ደጃፏ ላይ ተቀመጡ።

«አባ፣ ሐኪሞች ናቸው እኮ! በማርያም፣ ይልቀቁት!» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«አንቺ የከተማ ልጅ፣ ዝም በይ! አሳልፌ የምሰጠው ልጅ የለኝም።»

መውደድም ይገድላል ለካ! ጥያቸው ወንዙን ተሻገርኩ። ሐኪሟ ሻምበል ነበረች፤ ነግሬያት ሳልጨርስ ግሉኮሷን ይዛ ተከተለችኝ። አባቴ የደንብ ልብሷን ሲያዩ ድንጋይ አነሱ።

«አባቴ፣ ይምቱኝ፤ ብቻ ልጁን ልየው» አለቻቸው።

ድንጋዩን ጣሉት። ገብታ አንገቱን ዳሰሰች፣ ደረቱን አዳመጠች። መርፌውን ሳትወጋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

«ምነው ትንሽ ቀደም ብላችሁ በጠራችሁኝ» አለች። በማን ልፍረድ?

አባቴ አላለቀሱም። ልጃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑና ሄደው የጎረቤታችንን በር በርግጫ ከፈቱት። እናትየው «ኧረ የሰው ያለህ!» እያለች ስትጮህ፣ ከጎታ ኋላ የደበቀቻትን የታመመች ትንሽ ልጇን አዝለው ወደ ድንኳኑ ሮጡ። ከዚያ ተመልሰው ሌላ ቤት ገቡ። ሐኪሞቹ በሽታው ጋብ እስኪል አልሄዱም፤ መንደሩ በእነሱ ተረፈ።

ልጅቷም ድናለች። ዛሬ ደጃችን ላይ ስትዘል ትውላለች፤ አባቴን «አባባ» ትላቸዋለች። እግዜር ያሳድጋት፣ ክፉ አልመኝላትም። አባቴ ግን እሷ ስትስቅ መስማት አይችሉም፤ ነጠላቸውን ያነሱና ከቤት ይወጣሉ።