በግሮቭፖርት መንገድ ላይ የመገንጠል ክርክር

ጋሼ የአሜሪካ ዜግነት ፈተናቸው ሐሙስ ስለነበር፣ በዚያ ሳምንት ግሮቭፖርት ወደሚገኘው የምንሠራበት መጋዘን ስንሄድ ጠያቂው እኔ ሆንኩ። መኪናው የእሳቸው ነው። ከኋላ የምትቀመጠው ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጣች የሥራ ባልደረባችን ናት፤ ከሰላምታ አልፋ ብዙም አታወራም።

ሰኞ ዕለት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መነሻ ምን ነበር ስላቸው “መገንጠል” አሉ። ባርነት ነው አልኳቸው። አዳዲሶቹ የምዕራብ ግዛቶች ባሪያ ይያዝባቸው አይያዝባቸው እየተባለ ፖለቲከኞቹ ዓመታት ተነታረኩ፤ ባርነት እንዳይስፋፋ የሚፈልገው ፓርቲ ምርጫ ሲያሸንፍ የደቡብ ግዛቶቹ አገሪቱን ጥለው ወጡ። መገንጠሉ ከዚያ የመጣ ነው ብዬ አስረዳሁ።

ጋሼ ግን መገንጠል የሚባል ነገር ከተነሳ አይመለሱም። አገር አፍራሽ ሰበብ አያጣም፣ ጥፋቱ መገንጠሉ ራሱ ነው አሉ። የእኔም አፍ አያርፍም፤ አልኖርም ያለ ሕዝብ በግድ ይኖራል ወይ አልኳቸው። ነገር ነገርን ያነሳዋልና አሜሪካ ተረሳች፤ የአገራችንን ክልሎች አንድ በአንድ እያነሳን ተጨቃጨቅን። ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ጥብቅና መቆሜን እንኳ ልብ አላልኩም።

ረቡዕ ጠዋት እንደገና ተነሳብን። መጋዘኑ በር ላይ ስንደርስ ጋሼ ሳያዩኝ “ከነገ ጀምሮ ሌላ ራይድ ፈልግ” አሉኝ። መኪና የለኝም፤ እሱስ ይሁን። እዚህ ከተማ ስታመም ሾርባ ይዘው የሚመጡልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ይቅርታ መጠየቅ ግን አቃተኝ።

ያኔ ከኋላ ድምፅ መጣ።

“ጋሼ፣ አያቴን ሲሸጧት አገራችን አንድ ነበረች።”

ወዲያው ወደ እኔ ዞረች። “አንተም ሕዝብ ይጠየቅ ትላለህ። እሷን ማን ጠየቃት?”

ቁጣዋ ድምፅ የለውም፤ ስለ አየሩ የምታወራ ነው የሚመስለው። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ባርነት ጦርነት ስንጮህ፣ ባሪያ ስለተደረጉት ሰዎች አንድ ቃል ከአፋችን አልወጣም ነበር። አፈርኩ። ጋሼ ሞተሩን አጠፉና ፊታቸውን ወደ ኋላ መለሱ።

“አያትሽ ማን ይባሉ ነበር፣ ልጄ?”

“የገዟት ሰዎች ያወጡላትን ነው የማውቀው” አለች።