ከጋሽ ወልዴ የተደበቀው መርዶ

ዳላስ አጠገብ ባለችው ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ ሸዋረገድን የማያውቅ አበሻ የለም። ሥራዋ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየሄደች መጦር ነው፤ መድኃኒት ታስውጣለች፣ ገላ ታጥባለች፣ ጨው ትደብቃለች። ዘንድሮ ግን ከጨው የከበደ ነገር ደበቀች። ሐሜት አይሁንብኝና፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሰማሁትን ነው የማወራው።

የምትጦራቸው ጋሽ ወልዴ አርሊንግተን ስታዲየም ፓርኪንግ ሲሠሩ ነው ያረጁት፤ ቤዝቦል የተጣባቸውም እዚያው ነው። ከቡድኑ ታዳጊዎች አንዱን ቀጭን ኳስ ወርዋሪ አይተው፣ «ይሄ ልጅ ነገ አገር ያንቀጠቅጣል» አሉና «ልጄ» ብለው ያዙት። ፎቶውን ከማርያም ሥዕል አጠገብ ሰቀሉት። ሸዋረገድ ስትቆጣ ትንሽ ዝቅ አደረጉት።

በብርዱ ወራት ልባቸውን ታመው ሆስፒታል እንደተኙ፣ ቡድኑ ያንን ልጅ ለሌላ ከተማ ቡድን ሰጥቶ ክንዱ ሁለቴ በተሰፋ አንጋፋ ወርዋሪ ለወጠው። ሐኪሙ ደግሞ «እንዳይደነግጡ» ብሏል። ሶ፣ ሸዋረገድ ምን ታድርግ? መርዶ ለታመመ ሰው አይነገርም፤ ሲያገግም፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። «ሐኪም ጨዋታ ማየት ከልክሏል» አለችና ሬዲዮኑንም ጨምራ ደበቀች።

«ልጄ እየወረወረ ነው?»

«ትከሻውን አሞታል ጋሼ።»

«እስካሁን?»

«ትከሻ ክፉ ነው።»

ልጁ ግን በሄደበት ኮከብ ሆነ። ዳላስ ጣቱን ነከሰ፤ ነዳጅ ማደያው ጸጸት፣ ፀጉር ቤቱ ጸጸት። ሸዋረገድ ጎረቤታቸውን ሹፌሩን ማኑሄን በር ላይ ይዛ፣ «ስለ ኳስ ትንፍሽ ካልክ ሁለተኛ ይሄን ደጅ አትረግጥም!» አለችው። እንቅልፍ አጣች፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ጋሽ ወልዴ የሰሙ ይመስላታል።

በመጨረሻ ሐኪሙ ራሱ ጉድ አደረጋት። «ደህና ነዎት፣ ኳስዎን ይዩ» አላቸው። ቅዳሜ ደግሞ ልጁ በሌላ ማልያ አርሊንግተን መጥቶ ሊወረውር ነው!

ቅዳሜ ማለዳ ሸዋረገድ መርዶ በመንገር የታወቁትን እማዋይሽን ጠራች። ማኑሄም መጣ፤ ሽማግሌው ከወደቁ የሚያነሳ ጉልበት ያስፈልጋል። ጋሽ ወልዴ ዓይናቸውን ሲገልጡ፣ ጥቁር የለበሱት እማዋይሽ ከራስጌያቸው ቆመዋል።

«እህቴ ናት?» አሉ፤ አዲስ አበባ ያሉትን እህታቸውን ማለታቸው ነው። እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ።

«ኧረ አይደለም ጋሼ!» ሸዋረገድ አምቡላንስ ለመጥራት ስልኳን ጨበጠች። እማዋይሽ ግን እንደ ልማዳቸው «መቼም ሁላችንም ሂያጅ ነን...» ብለው ጀምረው ነበር።

«ወርዋሪው ተሽጧል!» ብሎ ማኑሄ ፈነዳ። «ማለቴ፣ ለውጠውታል!»

ጋሽ ወልዴ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ።

«እህቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናቸው» አለች ሸዋረገድ።

«ተመስገን።» ቀስ ብለው ተነሥተው ተቀመጡ። «በማን ለወጡት?»

ማኑሄ ነገራቸው።

«በዚያ? የኔ ክንድ አይሻልም?!»

ከሰዓት በኋላ ልጁ የእኛዎቹን መቺዎች በተራ በተራ አየር አስመታቸው። ጋሽ ወልዴ አንዴ «ጎበዝ!» ይላሉ፣ አንዴ የገዛ ቡድናቸውን አለቆች ይረግማሉ፤ ግራ እጃቸው ግን ከደረታቸው አልወረደም። ሸዋረገድ ጨዋታውን አላየችም፤ ያንን እጅ ነበር የምታየው።

«ሸዋዬ» አሉ ሲያልቅ።

«አቤት ጋሼ።»

«ትከሻውን አሞታል አልሽኝ። እህቴም ደህና ናት አልሽኝ።»

ሸዋረገድ አዲስ አበባ ደወለች። እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ከዚያ አንድ የአሮጊት ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ጮኸ።

«በዚህ ሰዓት ማነው? ማን ሞተ? እባካችሁ አትደብቁኝ!»

ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ከደረታቸው አወረዱ።

«ማንም አልሞተም፤ ተኚ እህቴ፣ ተኚ።»