አባባና ዘጠኙ የዳክዬ እንቁላሎች

የዳክዬ እንቁላል ለመፈልፈል ሃያ ስምንት ቀን እንደሚፈጅ የነገረችኝ እንቁላሎቹን የሰጠችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ታቦር ሰፈር ባለው ግቢዋ ውስጥ ዳክዬ ታረባለች፤ ዳክዬዋ ግን መጣል እንጂ መታቀፍ አይሆንላትም። «ዶሮ በሃያ አንድ ቀኗ ትገላገላለች፤ ዳክዬ ትዕግሥት ትፈልጋለች፤ አንቺ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብሽም» አለችኝ እየሳቀች። ዘጠኙን እንቁላል በሻርፕ ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ሹፌሩን በየጉድጓዱ እየተቆጣሁ እዚሁ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው ቤቴ ደረስኩ። ነሐሴ አሥራ ስምንት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ዳክዬ አምሮኝ አይደለም። ለአባቴ ብዬ ነው።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ መናኸሪያ የአውቶቡስ ስምሪት ሠራተኛ ነበሩ። የትኛው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ተራው የማን እንደሆነ ወረቀት ሳያዩ ያውቁ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምንኖረው አብረን ነው። በዚያ ክረምት ሁለት ነገር ሆነ። አንድ ቀን ባዶ ድስት ቡታጋዝ ላይ ጥደው ረሱ። ሌላ ቀን ደግሞ ሐይቅ ዳር ሲንሸራሸሩ መመለሻው ጠፍቷቸው አንድ የባጃጅ ሹፌር ይዟቸው መጣ። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ከእንግዲህ ብቻቸውን መዋል አይችሉም፤ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ» አለ። አባባ ደግሞ ከሐዋሳ መውጣት ሞታቸው ነው። «ስንቱን አሳፍሬ ስሸኝ ኖሬ አሁን እኔኑ ልትሸኙኝ ነው?» ብለው አንድ ቀን ሙሉ አኮረፉን።

ከወንድሜ ጋር በስልክ ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማማን። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። እንቁላሎቹን ለአባባ አደራ እሰጣቸዋለሁ። ሃያ ስምንቱን ቀን ሳይረሱ ከጠበቋቸው እዚሁ ይኖራሉ፤ ከረሱ ወንድሜ ይመጣል። ፈተና መሆኑን ግን አልነገርናቸውም። እኔም «እስቲ ይጠብቁልኝ» ብቻ ነው ያልኳቸው።

መፈልፈያው የዓሣ ነጋዴዎች በረዶ የሚይዙበት የፎም ሣጥን ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አምፖል፣ የሙቀት መቆጣጠሪያና ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ ማራገቢያ ገጥሞለት፣ ክዳኑ ላይ መስታወት አስገብቶለት ገዛሁት። አባባ በእያንዳንዱ እንቁላል አንድ ጎን ላይ በእርሳስ ፀሐይ፣ በሌላው ላይ ጨረቃ ሳሉ፤ የቱ እንደተገላበጠ ለማወቅ ነው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያገላብጣሉ። ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ማገላበጡ ይቆምና እርጥበት ይጨመራል፤ ጫጩቶቹ መውጫቸውን የሚያዘጋጁት ያኔ ነው። እኔ ከመሥሪያ ቤት የተሰጠኝን የአዲሱን ዓመት ካሌንደር ሰቀልኩና ሒሳቡን በአንድ ትንፋሽ ሠራሁ፤ ከነሐሴ የቀረው አሥራ ሁለት ቀን፣ ከመስከረም ደግሞ አሥራ ስድስት ቀን። መስከረም አሥራ ስድስትን በቀይ ከበብኩ። አባባ ዓይናቸው የካሌንደር ቁጥር አይለይላቸውም። «እኔ በልቤ እይዘዋለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ቀናት እንዴት አድርጌ እንደምናገራቸው አላውቅም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ ሣጥኑ በቀስታ ያጉረመርማል፣ ቤቱ የሞቀ እንጨት ይሸታል። ለምሳ ስገባ አባባን ሁልጊዜ የማገኛቸው ሣጥኑ አጠገብ ነው፤ የአምፖሉ ብርሃን አገጫቸውን አቅልቶት፣ እንደ ነቁም እንደ ተኙም ሆነው። አንዳንዴ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። አንዳንዴ ደግሞ ለእንቁላሎቹ በሲዳምኛ ያወራሉ፤ ለእኔ እንኳ እንደዚያ ለስልሰው አውርተውልኝ አያውቁም። መብራት ሲሄድ ሣጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ጎንና ጎኑ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ሸጉጠው ያቅፉታል። «ተራችሁን ጠብቁ፣ መኪናው ይመጣል» ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጋረጃውን ዘግተን እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በስልኬ መብራት አየናቸው። ሁለቱ ባዶ ስለነበሩ አወጣናቸው። በሰባቱ ውስጥ ቀጫጭን ቀይ ሥሮች ተዘርግተው፣ መሐላቸው አንዲት ጥቁር ነጥብ ትወዛወዛለች። አባባ እጄን ያዙኝና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። እኔም ሥራም ወንድሜም ጠፉብኝ፤ ሐዋሳ ከነሐይቋ እዚያች እንቁላል ውስጥ የገባች መሰለኝ።

አዲሱ ዓመት ገባ። መስከረም ስምንት፣ ረቡዕ ቀትር ላይ ቤት ስገባ ሣጥኑ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ጠዋት ፀሐዩ ወደ ላይ የነበረው እንቁላል አሁንም ፀሐዩ ወደ ላይ ነው።

«አባባ፣ አላገላበጧቸውም?»

«ቆመ እኮ። ቀናቸው ደርሷል።»

«የምን መድረስ? ገና ስምንት ቀን ይቀራል!» ካሌንደሩን አሳየኋቸው፤ እንደማያዩት እያወቅሁ። ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። አባባ ሣጥኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፉና ዘረጉ።

«እንዲህ ነው?» አሉ። «እሺ ልጄ። አንቺ ካልሽ እሺ።»

ጨርቁን አወጣሁት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የማገላብጠው እኔ ሆንኩ፤ ከሥራ በፊት፣ በምሳ ሰዓትና ማታ። አባባ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ መዝሙራቸውም ቀረ። በዚያው ዕለት ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ረስተዋል» አልኩት። «እሑድ እመጣለሁ» አለኝ። ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ፤ ግን ልክ ነኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ላገላብጥ ክዳኑን ስከፍት አንዱ እንቁላል እጄ ውስጥ ጮኸ። ደነገጥኩ። ቅርፊቱ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ከስንጥቁም ትንሽ ነገር ትገፋለች። ሌሎቹን አየሁ፤ ሁለቱ ተበስተዋል። ሳይደርሱ እየወጡ ነው ብዬ ወደ ካሌንደሩ ሮጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኖቹን አንድ በአንድ በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። ካሌንደሩ የሚጀምረው ከመስከረም አንድ ነው። ከነሐሴ ሠላሳ እስከዚያ ያለውን ግን በአፌ መቁጠር ነበረብኝ፤ እዚያ ላይ ምላሴ ቆመ።

ጳጉሜን ረስቻታለሁ።

መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ በደብዳቤ ላይ ቀን የምመታ ሰው ነኝ። ግን ደመወዝ ስለሌላት ነው መሰለኝ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ጳጉሜን ከወር አይቆጥራትም። አምስቱን ቀን ኖሬባቸው ነበር፤ ቤት አጥቤባቸዋለሁ፣ ለበዓል ዶሮ ገዝቼባቸዋለሁ፣ የአባባን ፀጉር አስተካክዬባቸዋለሁ። ሃያ ስምንተኛው ቀን ዛሬ ነው፤ መስከረም አሥራ አንድ። አባባ ረቡዕ ዕለት ማገላበጡን ያቆሙት በቀኑ ነው።

«አባባ!» ስል ከክፍላቸው ወጡ። አንዴ ብቻ ወደ ሣጥኑ አይተው ጨርቁን በሞቀ ውሃ ነክረው አመጡ። አንዱን ጫጩት ልረዳው ቅርፊቱን ልልጥ ስል እጄን ያዙኝ። «ተዪው፤ ራሱ ይውጣ። ሽፋኑ ገና ደም አለው» አሉ። ቀኑን ሙሉ ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ውጭ ፀሐይ ነበረ፣ እኛ ጋ ግን ጊዜው የቆመ ይመስል ነበር። ጫጩቶቹ ይገፋሉ፣ ያርፋሉ፣ ይተኛሉ፣ እንደገና ይገፋሉ። እስከ አሥር ሰዓት አምስት ወጡ፤ እርጥብ፣ ቢጫ፣ ምንቃራቸው ለፊታቸው የሰፋ። ሁለቱ ግን ውስጡ ደርቆባቸው አልወጡም። እርጥቡን ጨርቅ አውጥቼ ድርቀቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለአባባም እንደዚያው ነገርኳቸው። ሁለቱን በመሐረብ ጠቀለሏቸው።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «አትምጣ። የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ጳጉሜን አልቆጠርኩም» አልኩት። ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቁን አቆመ። «እዚያው ይኑሩ» አለ።

ይህን ልነግራቸው ክፍላቸው ስገባ አልጋቸው ላይ ሻንጣቸው ተከፍቶ አየሁ። ሸሚዞቻቸው ታጥፈው ገብተዋል፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ከላይ ነው። እሑድ ማን እንደሚመጣ ማንም አልነገራቸውም፤ በስልክ ሳወራ ሰምተውኛል ማለት ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ልክ ነበሩ እኮ። ለምን አልተከራከሩኝም?»

ከሻንጣው አንድ ሸሚዝ አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ቆጥሬያት ነበር» አሉ። «ግን አንቺ ስምንት ቀን ይቀራል ስትዪ፣ ዘንድሮ ጳጉሜ የለችም ይሆናል አልኩ።»