የእትዬ ቀስ ዘበኞች

ወላጆቿ ያወጡላትን ስም በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስልም። ልጆቹ «እትዬ ቀስ» ይሏታል፤ ስሙን ደግሞ ለፍታ ነው ያገኘችው። ልጅ የቤተ መጻሕፍቱን በር ሲከፍት «ቀስ!»፣ ወንበር ሲስብ «ቀስ!»፣ ገጽ ሲገልጥ «ቀስ!» ትላለች። አንዴማ ርዕሰ መምህሩ በኃይል ሲያስነጥሱ ቃሉ ከአፏ አመለጣትና ሳምንቱን ሙሉ ከፊታቸው ስትሸሽ ሰነበተች።

ቤተ መጻሕፍቱ ልጆቹ ውሃ ከሚጠጡባቸው ቧንቧዎች ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ባሏ አናጢ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅ እጅ እላይኛው መደርደሪያ ድረስ እንዲደርስ ብሎ የመደርደሪያዎቹን እግር ያሳጠረው እሱ ነው። ከትርፍራፊው ጣውላ ደግሞ ለየልጁ አንዳንድ ጠፍጣፋ እንጨት አወጣ፤ ልጆቹም በየፊናቸው ቀለም ቀቡት። መጽሐፍ የሚያወጣ ልጅ በክፍተቱ ውስጥ የራሱን እንጨት ያቆማል፤ ሲመልስ ቦታውን አይስትም። ልጆቹ እንጨቱን «ዘበኛ» አሉት። ዘበኛ ሳያቆሙ መጽሐፍ ማውጣት የለም፤ ዘበኛው ከቆመ ደግሞ መጽሐፉ ይመለሳል። እስካሁን ይህን ሕግ ያፈረሰ የለም።

በመስኮቱ በኩል ያለችው ጠረጴዛ «ሆስፒታል» ትባላለች። የተቀደደ፣ የተገነጠለ፣ ሽፋኑ የወለቀ መጽሐፍ ሁሉ እዚያ ይተኛል። ልጆቹ ሙጫ በስሱ መቀባት፣ ስስ ወረቀት መለጠፍ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ጡብ ተጭኖ እስኪደርቅ መታገስ ተምረዋል። መታገሱ ላይ ገና ናቸው። ተረኛ ሐኪሙ ከካርቶን የተሠራ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ እሱ «ታሟል» ያለው መጽሐፍ የማንም ይሁን የማን ይተኛል። የርዕሰ መምህሩ መዝገበ ቃላት ሳይቀር ተኝቶ ነበር። ሊወስዱት ሲመጡ «ገና አልዳነም» ተብለው ተመልሰዋል።

እንግዲህ እዚህ ድረስ የእትዬ ቀስ ነገር ሁሉ ሸጋ ነው። ችግሩ የመስታወቱ ቁም ሳጥን ነው።

በቁም ሳጥኑ ውስጥ በስጦታ የመጡ አዳዲስ መጻሕፍት አሉ፤ ወረቀታቸው የሚያብለጨልጭ፣ ሥዕላቸው ዓይን የሚስብ። ሰጪዎቹ ሰኞ ሊጎበኟቸው ይመጣሉ። እትዬ ቀስ እስከዚያ አንድም ጣት እንዳያርፍባቸው ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ ትዞራለች። ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ የምትወደውን ነገር መጠቀም አይሆንላትም፣ ይኸው ነው። ቤቷም እንደዚያው ነው። የሠርጓ ዕለት የተሰጧት ባለ አበባ ሲኒዎች በመስታወት ውስጥ ተደርድረው፣ ምስኪኑ አናጢ እጀታው በወለቀ ኩባያ ሻይ ይጠጣል።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ ትልቁ የባሕር እንስሳት መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ዓሣ ነባሪ ተንጋሎ ይታያል። አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ፣ በሆስፒታሉ ትጋቷ «ዶክተር» የተባለች፣ በዚህ ዓሣ ነባሪ ልቧ ጠፍቷል። በየዕረፍቱ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ታየዋለች። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ስለተዛወረ ቤተሰቡ ቅዳሜ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል።

«እንግዶቹ መጥተው ይሂዱና ታነቢዋለሽ» አለቻት እትዬ ቀስ።

«እነሱ ሰኞ ነው የሚመጡት። እኛ እኮ ቅዳሜ እንሄዳለን፣ እትዬ።»

እትዬ ቀስ በአንድ እጇ የልጅቷን ራስ ዳበሰች። ሌላው እጇ ግን ከቁልፉ ላይ አልተነሣም።

ሐሙስ የዶክተር የመጨረሻ ተራ ነበር። ማዳመጫዋን አንጠልጥላ በቀጥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደችና ካርቶኑን መስታወቱ ላይ አሳርፋ ጆሮዋን ሰጠች።

«እትዬ፣ እዚህ ውስጥ በሽተኛ አለ።»

«ማነው ደግሞ?»

«ዓሣ ነባሪው። ትንፋሹ አይሰማም።»

ልጆቹ ወንበራቸውን ትተው ተሰበሰቡ። እትዬ ቀስ ሳቋም መጣ፣ ንዴቷም መጣ፤ «ሐኪሙ ታሟል ያለው ይተኛል» የሚለውን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናትና ማንን ትቆጣ? መዝገበ ቃላታቸውን የተነጠቁት ርዕሰ መምህር ይህን ቢያዩ አንጀታቸው ቅቤ ይጠጣ ነበር። እያጉረመረመች ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች።

መጽሐፉን ስትስበው የጀርባው ሽፋን እርጥብ ሆኖ እጇ ላይ ቀረ። ቁም ሳጥኑ የተደገፈው ግድግዳ ከወዲያ በኩል ቧንቧዎቹን የያዘው ነው፤ ውሃው ቀስ እያለ ሲሰርግ ከርሟል። የሚያብለጨልጩት ገጾች እርስ በርስ ተጣብቀዋል። የሌሎቹም መጻሕፍት ነገር ያው ነው።

ከሁሉ የደነገጠችው ዶክተር ነበረች። «እትዬ፣ እኔ እኮ… እንዲያው እንዲከፍቱልን ብዬ ነው እንጂ…» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እትዬ ቀስ አልሰማቻትም። ሁለት ገጾች ይዛ በድንጋጤ ሳበች። ቅድድ! የዓሣ ነባሪው ጭራ ለሁለት ተከፈለ።

«ቀስ!!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

እትዬ ቀስ ጭራውን አየች፣ ልጆቹን አየች፣ ከዚያ ሳቋ ገነፈለ። መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከሳቁ ውስጥ የኀፍረትም እንባ ነበረበት፤ ቁም ሳጥኑን ቆልፋ የጠበቀችው የመጻሕፍቱን መበስበስ ነበርና።

በቀረው ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ወደ በረንዳ ወጣ። ልጆቹ ገጾቹን አንድ በአንድ እያላቀቁ በመሐላቸው ንጹሕ ወረቀት አስገቡ፣ መጻሕፍቱን በጥላ ውስጥ ከፍተው አቆሙ፣ በደብተራቸው አራገቡላቸው። እያራገቡ ማንበባቸውን ማን ይከልክላቸው? አንዱ «ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው!» ብሎ ሲጮህ ሁሉም ለማየት ተረባረቡ። ዶክተር ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ አውጥታ ጭራውን ልብስ ሰፊ ጨርቅ እንደሚጥፍ አድርጋ ገጠመችው።

ዓርብ መጻሕፍቱ ደርቀው፣ ወደ ቁም ሳጥኑ መመለሳቸው ቀርቶ በመደርደሪያው ላይ ተደረደሩ፤ ልጅቷም ልትሰናበት መጣች። ሰማያዊ የቀባችውን ዘበኛ በሁለት እጇ ይዛለች።

«እትዬ፣ ለማስታወሻ ልውሰደው?»

«ዘበኛ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ሕጉ ጠፋሽ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እትዬ ቀስ እንጨቱን ተቀበለቻት፣ የደረቀውን የባሕር መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውጥታ እቅፏ ውስጥ አስቀመጠችላት፣ ዘበኛውንም በክፍተቱ አቆመችው።

«አባትሽ በዚህ መንገድ መመላለሱ አይቀርም። ስትጨርሺው አብረሽው ትመጪና ትመልሺዋለሽ።»

«እንግዶቹስ?»

«እነሱ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ይችሉታል።»

ልጅቷ መጽሐፉን እንዳቀፈች ሮጠች። እትዬ ቀስ «ቀስ!» ማለቷ አልቀረም።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ እንግዶቹን እየመሩ ገቡ። የመጡት አንዲት አሮጊትና ሁለት ጎልማሶች ናቸው። ርዕሰ መምህሩ «ትልቁ መጽሐፍ እዚህ ነው» ብለው እጃቸውን ዘረጉና አንድ ሰማያዊ እንጨት ነኩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ወጥቷል» አለች እትዬ ቀስ። «አንዲት ልጅ እያነበበችው ነው።»

«የትኛዋ ልጅ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ በሹክሹክታ። «የሹፌሩ ልጅ? ሄዳ የለም እንዴ! ካልመለሰችውስ?»

«ዘበኛዋ ቆሟል እኮ።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው እንጨቱን አዩት። ከዚያ በየመደርደሪያው የቆሙትን ቀያይና ቢጫ፣ ነጠብጣብና ዝንጉርጉር ዘበኞች አዩ። ጭራው የተጠገነው፣ ገጹ የተጨማደደው የስጦታ መጽሐፍ ሁሉ በየልጁ እጅ ወጥቷል ማለት ነው።

«ለእኔም ዘበኛ ይሰጠኛል?» አሉ።

«ቀለሙን ራስዎ ከቀቡት» አለቻቸው።

ያን ዕለት ማታ አናጢው እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ሻዩ በባለ አበባው ሲኒ ቀረበለት። በሩን ዞሮ አየ።

«ማን እንግዳ መጣ?»

«አንተ» አለችው። «አትፍዝ፣ ጠጣ!»

አናጢው ሲኒውን በዚያ በሻከረ፣ በወፍራም ጣቱ አነሣው። እትዬ ቀስ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ድረስ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።