ሲስተር አበበችና ቤቴ የገባው የላምባ ፍሪጅ

ሲስተር አበበች አረፈች የሚለውን ዛሬ ጠዋት እዚሁ ስልክ ላይ አነበብኩ። አላመንኩም። ስልክ ላይ ብዙ ውሸት ይጻፋል። ልጇ ጋ ደወልኩ። ልጅቷ "አዎ አባባ፣ እውነት ነው" ብላ ማልቀስ ስትጀምር "እሺ" ብዬ ዘጋሁት። ለሞት "እሺ" ይባላል? ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ሲስተር አበበች በደርግ ጊዜ መካኒሳ ላይ ልጆች የምትከትብ ነርስ ነበረች። ከከምባታ የመጣች ጴንጤ ናት። ባሕር ማዶ፣ በረዶ አገር ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን በጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት በኩል የሰፈራችንን የድሃ ልጆች ትረዳ ነበር። ወተት፣ ደብተር፣ የክትባት ዕቃ ትልካለች። የዚያ አገር ሴቶች በእጃቸው የሠሩት ወፍራም ሹራብም ይመጣ ነበር፤ ደረቱ ላይ ቀንዳም አጋዘን ያለበት። ልጆቹ በግንቦት ሙቀት እንኳ አያወልቁትም።

እኔ ደግሞ የአቦ ደብር ሰው ነኝ፣ አናጺ። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ በሰው ሐሳብ ተነድቼ አላውቅም። ጴንጤዎቹን አልወድም ነበር፤ ይህንንም ፊት ለፊት እነግራቸው ነበር። አጋዘን የለበሰ ልጅ ባለፈ ቁጥር ለእናቱ የምለው ነገር አላጣም።

በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ቀበሌው ጸሎት ቤታቸውን አሸገ። በማግስቱ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሲስተር አበበች ከእጅ ጋሪ ጋር ቆማለች። ጋሪው ላይ በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል፤ ከመታሸጉ በፊት በጓሮ አውጥታው ነው። ያ ፍሪጅ የባሕር ማዶዎቹ አዋጥተው የላኩት ነው። ውስጡ የኩፍኝ ክትባት አለ። በዚያ ሰሞን ኩፍኝ ከፉሪ በኩል ገብቶ ልጆች እየቀበርን ነበር። የክትባቱ ቀን ቅዳሜ ነው።

"ጋሽ ቱሉ፣ ይኼ ከሞቀ አለቀ" አለችኝ።

"የጴንጤ ዕቃ ቤቴ አይገባም።"

"መድኃኒት ጴንጤ አይሆንም።"

ብዙ ተናገርኳት። ስለ ሃይማኖቷም ስለ ፈረንጆቿም። እስክጨርስ ሰማችኝና "በዚያ በኩል ይያዙልኝ" አለች፣ ፍሪጁን። ያዝኩላት። ለምን እንደያዝኩ አትጠይቁኝ።

ከዚያ ፍሪጁን ስለሚያሠራው፣ ከሥሩ ስለሚነደው የላምባ እሳት አስተማረችኝ። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ቢጫ ከሆነ ክሩ ይስተካከላል። ጠዋትና ማታ ቅዝቃዜውን አይቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምናመጣት ላምባ ለፍሪጁ ሆነችና እኛ ራታችንን በጨለማ በላን። ሚስቴ ለጴንጤ ላምባ ተሰላፊ ሆነህ ቀረህ እያለች ሳቀችብኝ። ሲስተር አበበች ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጤናዬን ጠይቃ አታውቅም። "እሳቱ ሰማያዊ ነው?" ትለኛለች። ፍሪጁ ከቤቴ ከወጣ ከስንት ዓመት በኋላም እንዲሁ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የአብዮት ጥበቃው ግርማ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ሲስተር አልነበረችም።

"ጋሽ ቱሉ፣ ጴንጤ ሆኑ ይላሉ።"

"አልሆንኩም።"

"ከታሸገው ቤት የወጣ ዕቃ አለ?"

"አለ።"

የለም እንድለው ይጠብቅ ነበር መሰለኝ። አስገብቼ አሳየሁት። የፍሪጁን በር ከፍቶ ሲያፈጥ "ዝጋው፣ ቅዝቃዜው ይወጣል" አልኩት። ዘጋው። ከዚያ ሲስተር እኔ ጋ የተወችውን፣ የቅዳሜ ተከታቢዎች ስም ያለበትን ደብተር አነሳና በጣቱ እየተከተለ አነበበ። የገዛ ልጁ ስም ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ።

"ሦስት ሰዓት። እንዳታረፍዱ።"

ቅዳሜ ግቢዬ በልጆች ጩኸት ሞላ። የግርማ ሚስት ልጇን አዝላ ከፊት ተሰልፋለች። የእኔም ልጆች ተከተቡ።

አርባ ዓመት ያህል ይህን ሳወራ "እኔን የመረጠችኝ እንደማልታጠፍ ስለምታውቅ ነው" እል ነበር። ዘንድሮ ታማ ልጇ ቤት ስትተኛ ልጠይቃት ሄጄ ይህንኑ አልኳት። እስክታስል ድረስ ሳቀች።

"ጋሽ ቱሉ፣ እርስዎ እኮ ስድስተኛ ነበሩ።"

ከእኔ በፊት አምስት በር አንኳኩታለች። አምስቱም አብረዋት የሚጸልዩ ሰዎች ናቸው። እነማን እንደሆኑ ጠየቅኳት። "ልጆች ያሏቸው ሰዎች ናቸው፣ ፈሩ። እኔም ፈርቼ ነበር" አለችና ወሬ ለወጠች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ ገብቶኛል። ያን ጠዋት እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነበር፤ ወለሌን አቆሸሽሽ ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ከጸሎት ቤቱ እስከ እኔ ቤት ያለው መንገድ ኮረት ነው፣ ጭቃ የለውም። ጭቃውን ከየት አመጣችው ብዬ አላሰብኩም።

ዛሬ "አብረናት ነበርን" እያሉ የሚጽፉ አሉ። ስማቸውን ሳነብ አምስቱን ስፈልግ ራሴን አገኘሁትና አፈርኩ። መጀመሪያ የመጣችው እኔ ጋ ቢሆን ኖሮ እከፍት ነበር? ደክሟት ስላየሁ ይሆን የያዝኩላት? ወይስ ጎረቤት እንዳያየን ብዬ? ብዙ ነገር በእርግጠኝነት የምናገር ሰው ነኝ። ይህን ግን አላውቅም፤ የምጠይቃት ሰውም ዛሬ የለችም።

ሲስተር፣ ነገ ቀብርሽ ላይ እመጣለሁ። መዝሙራችሁን አልችለውም፤ ከኋላ ቆሜ እሰማለሁ። ያን ሸክም እንደያዝሽ ደጄ ላይ አቁሜሽ ስለተናገርኩሽ ሁሉ ይቅር በይኝ። ብዙ ዞረሻል። አሁን የምትደርሺበት ቤት ገና ስታንኳኪ ይክፈቱልሽ።

ደህና ሁኚ።