ሀጂራ ለማሽኑ ጳጉሜን ልታስተምር የተነሳች ጊዜ

ነገሌ ላይ ሀጂራ ከሊፋን የማያውቅ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ስኳር ገዝቶ አያውቅም። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው ገበያው ጥግ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ልጃቸው አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ እርዳታ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ስትሆን፣ «አልሐምዱሊላህ፣ የወንበር ሥራ አገኘች፣ አረፈች» አሉ። ሀጂራ አረፈች! ልጃቸውን የማያውቋት ይመስል።

በ1981 ለመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር መጣለት። ወደ ዶሎ ኦዶ ለስደተኞች የሚሄደው እህል በየትኛው መኪና ምን ያህል እንደሚጫን የሚደለድለው እሱ ሆነ። ማሽኑን የተከለው ባለሙያ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራ ትንሽ ሲስተም ጭኖበት፣ የሲስተሙን ውስጠኛ ጽሑፍ በወፍራም ጥራዝ አትሞ ሰጣቸው። «አስኳሉ ይህ ነው። ከርነል ይሉታል። ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነቃው፣ ሌላውን ሁሉ የሚያዘው እሱ ነው። እያነበባችሁ ተማሩ» ብሎ ሄደ።

ተማሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ሀጂራና የመጋዘን ጸሐፊው ሥዩም። ሥራ ሲያበቃ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጥራዙን ሲያገላብጡ የሚያይ ሰው ሌላ ሌላ ነገር ያወራ ነበር። ያውራ! እነሱ የሚጨቃጨቁት አንዲት ነጥብ ቦታዋን ሳተች፣ አልሳተችም በሚል ነው።

ነገር የመጣው በጳጉሜ ነው። ማሽኑ መስከረምን አንድ፣ ጥቅምትን ሁለት እያሉ ሲያስገቡለት ዓመቱን ሙሉ እሺ ብሎ ከረመና አሥራ ሦስተኛዋ ላይ ሲደርሱ እንዲህ ያለ ወር የለም አለ። ሀጂራ ነደዳት። ሕፃን ልጅ የሚያውቃትን ወር! ጥራዙን ገልጣ፣ ከአሥራ ሁለት በላይ የሆነውን ወር የሚመልሰውን መስመር ፈልጋ አገኘችና ማሽኑ በሚነሳበት ዲስኬት ላይ አሥራ ሁለትን በአሥራ ሦስት ለወጠችው። ማሽኑ ጳጉሜን ተቀበለ።

«የቀረውን ሳናነብ?» አለ ሥዩም።

«አንተ ደግሞ ጥላህን ትፈራለህ» አለችው፤ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑን አበራችው። እንደ ልማዱ ሜሞሪውን ቆጠረና ቀጥ አለ። አጥፍታ አበራችው፤ አሁንም ቀጥ። ባለሙያው የተወላትን፣ እጇ ነክቶት የማያውቀውን ንጹሑን ዲስኬት ከሣጥን አውጥታ ከተተች። እሱም እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። የራሷ ዲስኬት ቢበላሽ ይገባታል፤ ንጹሑ ምን ነካው? ማሽኑን ገደልኩት አለች በልቧ።

መኪኖቹ ግቢ ውስጥ ተሰልፈዋል። የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ሙሉነህ መጡ። በእጅ እንደልድለው ብትላቸው፣ «ማሽኑ ያላወጣው እህል አይወጣም፤ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ይህ አሻጥር ነው። ማነው የነካው?» አሉ። በዚያ ዘመን አሻጥር የምትባል ቃል ሰው ትበላ ነበር።

ሀጂራ አፏን ከፈተች። ሥዩም ቀደማት።

«እኔ ነኝ።»

ወዲያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። ጓድ ሙሉነህ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «መኪኖቹ ከሰዓት በኋላ ካልወጡ ልጁ ወደ ላይ ይተላለፋል» አሉ። ወደ ላይ የተላለፈ ሰው ወሬው ይመጣ እንደሆን እንጂ እሱ ራሱ ሲመጣ አይታይም። ሀጂራ ይህን ታውቃለች፤ ነገሌም ያውቃል።

ሮጣ ልትናዘዝ ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች። እሷም ከገባች ማሽኑን ማን ያያል? ግን ሥዩም ለምን እኔ ነኝ አለ? አዝኖልኝ ነው፣ ሴት ናት ብሎ ነው እያለች ተብከነከነች። ቢያዝንላት ምን ክፋት አለው ትሉ ይሆናል። ሀጂራ ግን የሚታዘንላት መሆን አትወድም፤ በዚያ ሰዓት እንኳ አንጀቷን ያሳረራት ይኸው ነበር።

ዘበኛው አብዱባ ብቅ አሉ። «ናጋ ኢንተላኮ» አሉ፣ ሰላም ነው ልጄ ማለታቸው ነው። ሰላም እንዳልሆነ ፊቷን አይተው በሩ ሥር ተቀመጡ።

ሀጂራ ጥራዙን ዘረጋች። ማሽኑ ሜሞሪ ቆጥሮ ከቆመ፣ ጥፋቱ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሥራ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ያለው ምንድን ነው? ሰዓት። አስኳሉ ሲነቃ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ከማሽኑ ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ወር ስንት ቀን እንዳለው ከሠንጠረዥ እያየ ይደምራል። ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እየጎተተች ወረደች። ሠንጠረዡ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። አሥራ ሁለት ቤት ብቻ ነው ያለው። እሷ በሩ ላይ ያለውን ጠባቂ አታላ ጳጉሜን አስገባች እንጂ ውስጥ መኝታ አላዘጋጀችላትም። አስኳሉ አሥራ ሦስተኛውን ቤት ሲፈልግ የጎረቤት ዕቃ ውስጥ እጁን ይከታል፣ ያገኘውን ዝባዝንኬ ሲደምር ይውላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ንጹሑስ ዲስኬት? እሱንም አሰበችው። ሰዓቱ ዲስኬት ላይ የለም፤ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው፤ መብራት ቢጠፋም የማያስተኛው ባትሪ አለው። ያቺን አሥራ ሦስት የምትል ወር ያስያዘችው ራሷ ናት። የትኛውም ዲስኬት ቢገባ ያችኑ ይጠይቃል፤ ያችው ታንቀዋለች።

«አባ አብዱባ፣ ቢላዎን ያውሱኝ።»

በቢላዋው ጫፍ ብሎኑን መፍታት ስትጀምር ጓድ ሙሉነህ ገቡ። መኪኖቹ ሞተር አስነስተዋል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ባትሪውን ላወጣ ነው፣ ጓድ።»

«ማሽኑ ከሞተ አንቺም ትከተይዋለሽ።»

«እሺ» አለች። ባትሪውን ነቀለች። ሰዓቱ እስኪረሳ ጠበቀች፤ ኃላፊው ቆመው ያዩዋታል፣ ከውጭ ሹፌር ይጮኻል። ባትሪውን መልሳ ማሽኑን አበራችው። ሜሞሪ ቆጠረ። ሀጂራ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ማሽኑ ቀን አስገቢ ይላል። ነሐሴ ሠላሳ ብላ ዋሸችው፤ አመነ። ድልድሉ መታተም ጀመረ።

አሁን ዝም ብትል ማንም አይነካትም ነበር። «ጓድ፣ ሥዩም አይደለም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለች። «ጳጉሜን አላውቅም ቢለኝ ላስተምረው ብዬ ነው።»

«ጳጉሜን አያውቅም?»

«አያውቅም።»

ጓድ ሙሉነህ ወደ ማሽኑ ዞሩ። «የአገሩን ወር የማያውቅ ዕቃ አምጥተው ሰው ያሳስሩናል» አሉ። «ልጁ ይለቀቃል። አንቺ ግን ያንን አስኳል የምትይውን ሁለተኛ ብትነኪ ማርያምን!» ካድሬ ሆነው በማርያም መማላቸውን ራሳቸውም ልብ አላሉትም።

ሀጂራ በር ላይ ጠበቀችው፤ ሥዩም ከጣቢያው ሲወጣ ቀበቶው የለም፣ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዟል። መኪኖቹ አቧራ እያስነሱ በአጠገባቸው አለፉ።

«ለምን እኔ ነኝ አልክ? ማን እዘንልኝ አለህ?» አለችው፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም።

«ማዘን?» አለ ሥዩም ግራ ገብቶት። «አንቺ ብትገቢ እኔ ምን አደርግ ነበር? ያንን ጥራዝ ብቻዬን ባገላብጠው ጥፋቱን አላገኘውም። እኔ ብገባ ግን አንቺ ታስነሺዋለሽ፤ እኔም እወጣለሁ። ሌላ መንገድ አልነበረም እኮ።»

«ባላስነሳውስ?»

ሥዩም ሱሪውን ከፍ አደረገ። «እሱን አላሰብኩትም» አለ።

አስተማሪም፣ አለቃም፣ አባቷም እንዲህ ብለው አምነዋት አያውቁም። ሀጂራ ገበያተኛው እያያት መንገድ መሀል ቆማ አለቀሰች።